ቆጣሪውን ከመክሰሳችን በፊት እናንብበው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከሰው ሰው እየተላለፈ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳርሷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ እናቴ ናት። «ልጄ፣ አንብበው እስቲ፤ ለካ ሲበሉን ነው የኖሩት» የሚል የድምፅ መልእክት ጨምራበታለች።

ጽሑፉ ስለ መብራት ቢል ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ንዴታቸው ግን ይገባኛል። ደመወዝ ባለበት ቆሞ ቢል ሲጨምር ማን የማይናደድ አለ? መብራት በጠፋበት ሳምንት እንኳ ቢሉ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን። መልስ ለመጻፍ የተነሳሁት ንዴታቸውን ለማጣጣል አይደለም። ንዴቱ ያለቦታው ስለዋለና አንደኛው ምክራቸው ሰው ሊገድል ስለሚችል ነው።

በመጀመሪያ ያሉትን በሐቅ ላስቀምጥ። አዲሱ ዲጂታል ቆጣሪ እንዲፈጥን ተደርጎ የተሠራ ነው ይላሉ። ዋጋው በድብቅ ነው የሚጨምረው። ቢሉን የሚያንሩት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ናቸው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን መብራት ርካሽ ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ዘራፊው አከራዩ ነው። ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ የቀረበት ወር ለደንበኛው ትርፍ ነው። የዓባይ ግድብ ስላለቀ መብራት በነፃ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ቆጣሪውን «ማስተካከል» መብታችን ነው፤ ይህን ብለው እንዴት እንደሚደረግም ጽፈዋል።

ከቆጣሪው ልጀምር።

ማስረጃቸው አንድ ነው። አሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪ በዲጂታል ሲቀየር ቢሉ ጨመረ። ይህ በብዙ ቤት የሆነ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ሁለት ቆጣሪ የተለያየ ነገር ሲናገር የቱ ነው ትክክል? እሳቸው ያለ ምንም ፈተና አሮጌውን አምነዋል። አሮጌው ቆጣሪ የሚሠራው በሚሽከረከር ዲስክ ነው። ዲስኩ የተቀመጠበት ዘንግ ሲያረጅና አቧራ ሲገባበት ይጎተታል። ሲጎተት ያጎድላል። አንዲት ትንሽ አምፖል ብቻ በርታ ከሆነ ጭራሽ ላይዞርም ይችላል። ዲጂታሉ ያችንም ይቆጥራል። ስለዚህ ልዩነቱ አዲሱ ስለጨመረ ሳይሆን አሮጌው ሲያጎድል ስለኖረ ሊሆን ይችላል።

«ሊሆን ይችላል» ብቻ ብዬ ግን አልተውም። ቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። እኔና እናቴ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። ፊቱ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ተጽፏል፤ የእኛው 1600 ይላል። ያ ማለት አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ባለ 1000 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው፣ ሲያልፍ 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። መጀመሪያ ዋናውን ኦቶማቲክ አጠፋነው። ብልጭታው ቆመ። ደህና፤ ቆጣሪው ባዶውን አይቆጥርም። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ነቅለን ባለ 1000 ዋት ስቶቭ ብቻ ለኮስን። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1600ን ለ60 ደቂቃ ብታካፍሉት በደቂቃ 27 ገደማ ይመጣል። እኔ የስልኬን ሰዓት ይዤ ቆጣሪው ሥር ቆምኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጮክ ብላ ቆጠረች። 25 ላይ ደቂቃው አለቀ። በዚያ ሰዓት ቮልቴጁ ደከም ብሎ ስለነበር ትንሽ ማነሱ የሚጠበቅ ነው። 40 ወይም 50 ቢሆን ኖሮ ቆጣሪው ፈጥኗል እል ነበር።

የእናንተ 40 ካለ? ያኔ ቆጣሪዬ ይመርመርልኝ ብላችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ አመልክቱ፤ የቆጠራችሁትንም አያይዙ። ዲጂታል ቆጣሪ አይበላሽም አላልኩም። ይበላሻል። «ሁሉም ሌባ ነው» እና «የእኔ ቆጣሪ በደቂቃ ይህን ያህል ቆጥሯል» ግን የተለያየ ክስ ነው። ሁለተኛውን ይዛችሁ ስትሄዱ የሚሰማችሁ ሰው መልስ ማምጣት ይኖርበታል።

እኔም ራሴ ቆጣሪውን ጠርጥሬ አውቃለሁ። ከሁለት ክረምት በፊት ቢሌ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ሁሉንም ነቅዬ ኦቶማቲኩን ስመልሰው ብልጭታው አላቆመም። ክፍል በክፍል እያጠፋሁ ስፈልግ ቦይለሩ ሆኖ ተገኘ። የሙቅ ውኃው ቧንቧ ከሲንኩ ሥር ይንጠባጠባል። ጠብታ ናት። ግን ቀንና ሌሊት ሙቅ ውኃ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ይገባል፣ ቦይለሩም ያሞቃል። በደሴ ብርድ ደግሞ የሚገባው ውኃ በረዶ ማለት ነው። አንዲት ጎሚኒ ቀየርኩ፤ ቢሉ ወረደ።

ሁለተኛው ነገር ዋጋው ነው። ጨምሯል፤ እውነት ነው። ተደብቆ ነው የጨመረው የሚለው ግን ልክ አይደለም። የቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሠራው፤ በወር ብዙ የተጠቀመ ከፍ ወዳለ እርከን ይወጣል፣ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምርበታል። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአራት ዓመት ማስተካከያ ሰባት እርከን ነበር። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300፣ እስከ 400፣ እስከ 500፣ ከዚያም ከ500 በላይ። በአራተኛው ዓመት ላይ የታችኛው እርከን አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ ሲያስከፍል የላይኛው ወደ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ልዩነቱን ተመልከቱት። ዘጠኝ እጥፍ ነው። በመስከረም 2017 ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ታሪፍ ተጀመረ፤ ይኼኛው በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። በዚያው ዓመት በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መጣ።

ይህ ሁሉ በይፋ ተነግሯል። እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። በይፋ መነገር አንድ ነው፤ እናቴ ጆሮ መድረስ ሌላ ነው። በየሦስት ወሩ የሚለወጥ ዋጋ በየሦስት ወሩ በቢሉ ወይም በስልክ መልእክት፣ ሰው በሚገባው አማርኛ መምጣት አለበት። «በድብቅ» የሚለውን ቃል የወለደው ይህ ክፍተት ይመስለኛል።

ቢሉን ስትቀበሉ መጀመሪያ የምታዩት ብሩን አይሁን። የቀድሞ ንባብ የሚለውንና የአሁን ንባብ የሚለውን ፈልጉ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስትቀንሱ ፍጆታችሁ ይመጣል። ከዚያ ወጥታችሁ ቆጣሪውን እዩ። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው የአሁን ንባብ ካነሰ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይሄድምና። ያን ጊዜ ፎቶ አንስታችሁ አመልክቱ፤ ወይ 905 ደውሉ። በልጦ ከተገኘ ከንባቡ ቀን ወዲህ የተጠቀማችሁት ነው።

አምፖልና ቻርጀርን በተመለከተ ጸሐፊው ሰውን በከንቱ እያደከሙ ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። የስልክ ቻርጀር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አሁን ምጣዱን እዩ። የእንጀራ ምጣድ 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። እናቴ ልትጋግር ስትል ቆጣሪውን አነበብኩ፤ 4812 ይላል። ሁለት ሰዓት ያህል ጋግራ ስትጨርስ 4818 ሆነ። ስድስት ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ጠዋት! በሳምንት ሁለቴ ብትጋግር በወር ከ50 በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጣድበት ስቶቭም እንደዚያው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ባለ 1000 ዋት ስቶቭ አንድ ሰዓት ተኩል ቢነድ፣ ያ በየቀኑ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ወሎ ውስጥ ያንን የሚል ሰው አይኖርም። ግን ጀበናው ወርዶ ስቶቩ ቀይ እንደሆነ ዱዓው ሲቀጥል ብዙ ቤት አይቻለሁ።

አሮጌው ባለ 60 ዋት አምፖል ካላችሁ እሱን ቀይሩ፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ሌሊት ርካሽ ነው የሚለው ከሌላ አገር ቪዲዮ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ የቤት ታሪፍ ሰዓት አይለይም። እኩለ ሌሊት ተነስታችሁ ልብስ የምትተኩሱ ካላችሁ አርፋችሁ ተኙ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲለኩስ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ለምጣድ ማለዳ ይሻላል፤ ያ እውነት ነው። 220 መሆን ያለበት 180 ሲሆን የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጊዜው ይረዝማል። ዋጋው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ አከራይና ተከራይ ልምጣ። ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ ይህ ክፍል ነው፤ ሰውን ከሰው ያጣላልና።

ደሴ ሆጤ ተከራይቼ ስኖር ግቢው ውስጥ አራት ቤት ነበርን። ቆጣሪው አንድ ነው። የወር መጨረሻ ሲደርስ ቢሉ ይመጣና ቡና ላይ ክርክር ይጀመራል። አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። አንዱ ቤት ልጆች አሉ፣ ፍሪጅ አለ። አከራያችን እማማ አሉ። እኔ አንዲት አምፖልና አንድ ላፕቶፕ ነበረኝ። እማማ በነፍስ ወከፍ ያካፍላሉ። እንጀራ የምትሸጠው ደስ ይላታል፤ እኔ አኮርፋለሁ። አንድ ወር እኔም እንደ ጸሐፊው አሰብኩ። መንገድ ላይ ታሪፉን ሰምቻለሁ፤ በዚያ ዋጋ ሳሰላው የእኔ ድርሻ የተጠየቅሁትን ግማሽ አይሞላም። እማማ በልተውኛል አልኩ።

አልበሉኝም። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በወር 25 ኪሎዋት ሰዓት እጠቀም ነበር እንበል። እማማ 65፣ ልጆች ያሉበት ቤት 70፣ እንጀራ ጋጋሪዋ 150። እያንዳንዳችን የራሳችን ቆጣሪ ቢኖረን እኔ በመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ውስጥ ነኝ። ሁለቱ ቤቶች ሁለተኛው ላይ ናቸው። ጋጋሪዋ ሦስተኛው ላይ። 200ን የሚያልፍ አንድም ሰው የለም፤ ስለዚህ በዛሬው ሕግ ታክስ የሚነካው የለም። ሲደመር ግን 310 ነው። ቆጣሪው አራት ቤት መሆናችንን አያውቅም። አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው የሚያየው። ወደ አምስተኛው እርከን ይገፋናል፣ የ200ውንም መስመር ያሻግረናል። ገንዘቡን እማማ ኪስ ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ቢሉ ላይ ነው ያለው።

ጸሐፊው ያሉት ዓይነት አከራይ የለም አልልም። በአምፖል ቁጥር የሚያስከፍል አለ። «ለፍሪጅ ይህን ያህል» ብሎ ከቢሉ በላይ የሚሰበስብ አለ። ፈውሱ ግን ስድብ አይደለም። ቢሉን አሳዩኝ በሉ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ቢሉን ካያችሁ በኋላ ጠቅላላውን ብር በጠቅላላው ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። የአንዱ እውነተኛ ዋጋ ይወጣል። ያንን በየራሳችሁ ፍጆታ አባዙት።

የራስን ፍጆታ ለማወቅ ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ ማስገባት ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል፤ ሙያ ያለው ሰው ያስገባዋል። እኛ ግቢ መጀመሪያ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ቤት ብቻ ነው የገባው፤ ራሷ ጠይቃ። «የእኔን ልክ ልወቀውና እንጀራዬን በልኩ ልሽጠው» አለች። ያን ወር ክርክር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሌሎቻችንም ተራ በተራ አስገባን። የሚሻለው ደግሞ ከተቻለ ለየራስ ሕጋዊ ቆጣሪ ማውጣት ነው፤ እርከኑም የየራስ ይሆናልና። ለአዲስ ቆጣሪ መጠበቅ ሰውን ምን ያህል እንደሚያሰለች ግን አውቃለሁ። በዚህ ጸሐፊው ቢጮሁ አብሬ እጮሃለሁ።

አንባቢ ሳይመጣ ሲቀር ትርፍ ነው የሚለውን በዚሁ ሒሳብ መመለስ ይቻላል። ቆጣሪ አይረሳም። በወር 90 የሚጠቀም ቤት ሦስት ወር ሳይነበብ ቢቆይና አንድ ላይ ቢነበብ 270 ሆኖ ይታያል። ሁለተኛው እርከን ላይ የነበረው ሰው አራተኛው ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ ቢል ከደረሳችሁ የስንት ወር ንባብ እንደሆነ ጠይቁ፤ በየወሩ ተካፍሎ እንዲሰላላችሁም ጠይቁ። ለዚህ በእጃችሁ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። እናቴ ከቆጣሪው አጠገብ ያረጀ ደብተር በሲባጎ አንጠልጥላለች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ቁጥሩን ትጽፋለች። ስልክ ያለው ሰው ፎቶ ቢያነሳ ይበቃል፤ ቀኑ ራሱ ይመዘገባል።

ግድቡን በሚመለከት ስሜታቸው የእኔም ስሜት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል የነበረውን ደስታ አስታውሳለሁ። ከሊስትሮ እስከ ነጋዴ ቦንድ ገዝቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እናቴ አልቅሳለች። 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ይዞ በጨለማ መቀመጥ ያማል። ግን ማመንጨትና ቤት ማድረስ ሁለት ሥራ ነው። ድርጅቶቹም ከ2006 ጀምሮ ሁለት ናቸው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባለው ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚባለው ከዚያ ተቀብሎ በየሰፈሩ ያከፋፍላል፣ ቢል ይሰበስባል። ከግድቡ እስከ ሆጤ ድረስ ማማ አለ፣ ሰብስቴሽን አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ዝናብ ላይ ምሰሶ የሚወጣ ሠራተኛ አለ። ቦርከናም በነፃ ይፈሳል፤ ውኃው ቤታችን የሚገባው ግን በቧንቧ ነው፣ ለቧንቧው እንከፍላለን። ትክክለኛው ጥያቄ «ለምን በነፃ አልሆነም» አይመስለኝም። «ኃይሉ ካለ ለምን ይጠፋል? የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለምን አይታደስም?» ነው። ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ምላሽ ሳይሆን ድጋፍ እጽፍላቸው ነበር።

የመጨረሻው ምክራቸው ቀረ። ቆጣሪው ትንሽ እንዲቆጥር ወይም ጭራሽ እንዳይቆጥር መስመሩን መቀያየር። ዘዴውን እዚህ አልደግመውም። ስርቆት ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል፤ ይህን ጸሐፊውም ያውቁታል፣ «እነሱም ይሰርቁናል» ብለው አልፈውታል። ከላይ ከቆጠርነው በኋላ ያ ምክንያት የሚቆም አይመስለኝም። ደግሞ የሚጎዳው ማን ነው? ያልተቆጠረ ምጣድም ከዚያው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው የሚስበው። እሱ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይቃጠላል። ሲቃጠል ደግሞ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል በጨለማ ይቀመጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። እሳቸው የጻፉት መንገድ ኤሌክትሪኩ በተመደበለት ሽቦ ሳይሆን በመሬት በኩል እንዲመለስ ያደርጋል። ኤርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ የተዘረጋው ለአደጋ ጊዜ ነው፤ የምጣድን ጭነት እንዲሸከም አይደለም። ያ ሽቦ አንድ ቦታ ከላላ፣ ወይም ከብረት የውኃ ቧንቧ ጋር ከተገናኘ፣ ቧንቧው ራሱ ይነዝራል። የፍሪጁ በር ይነዝራል። ጎረቤት ምንም ሳያውቅ ሊነዘር ይችላል። ክረምት ላይ የደሴ ግቢ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። መሬቱ ረጥቧል። ልጆች በባዶ እግራቸው ቧንቧው ጋ ቆመው ጀሪካን ይሞላሉ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ በሌላው ሁሉ መከራከር እንችላለን። የቆጣሪውን ነገር ባያምኑኝ ራሳቸው ይቁጠሩና የወጣላቸውን ይጻፉ፤ ተሳስቼ ከሆነ እታረማለሁ። ያችን ስለ ኤርዝ የጻፉባትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ይሰርዟት። ጽሑፉን ያስተላለፋችሁም፣ ለላካችሁለት ሰው መልሳችሁ ያችኛዋን እንዳትሞክር በሉት። እኔ ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። እሷም ለላከችላቸው ለእድር ሰዎቿ አንድ በአንድ እየደወለች ነው።